ግማሽ ሚሊ ሜትር

ምራቅ ነው፣ ምራቅ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው፣ ከሳክስፎኑ አፍ ተንጠባጥቦ መድረኩ ላይ ያረፈው የሰው ምራቅና ትንፋሽ ነው፣ ትንፋሽ ብረት ውስጥ ሲቀዘቅዝ ውሃ ይሆናል፣ ይኼ ምን ምርምር ይፈልጋል፣ እሷ ግን፣ በቀኙ የተቀመጠችው ባለሻርፗ ሴት፣ ደረቷን በእጇ ይዛ ነፍሱ ናት ትላለች፣ እየው፣ ነፍሱን እኮ ነው የሚያፈሳት፣ ለማን እንደምትናገር አይታወቅም፣ ዓይኗ መድረኩ ላይ ነው፣ ክርኗ ግን የእሱን ክርን ይነካል፣ ስለዚህ ለእሱ ነው፣ ፈገግ ይበልላት ወይስ ተነስቶ ይሂድ፣ ፈገግ ይላል፣ ፈገግታው ጉንጩ ላይ እንደ ጄሶ ይደርቃል። ለሃጭ ነው እኮ የኔ እመቤት። ከፊት ረድፍ አንዱ ስልኩን ዘርግቶ ጠብታዋን አጉልቶ ይቀርጻታል።

ሌላው የሚጸየፈውን ሲነካ የኖረ ሰው ነው፣ ጥርስ ሠሪ ነው፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው አፍ ልኬት በጄሶ እየቀዳ፣ በሰም እየቀረጸ፣ የበሰበሰውን፣ የሸተተውን፣ የትናንት ምግብ የተሰገሰገበትን ሁሉ በጣቱ እየዳሰሰ ቤቱን ያስተዳደረ፣ አንድም ቀን ቋቅ ብሎት አያውቅም፣ ሚስቱ እጅህን በደንብ ታጥበሃል ወይ ስትለው ይስቅባታል፣ አፍ ምን አለበት፣ ከሚወጣው ወሬ ይልቅ አፍ ራሱ ንጹሕ ነው፣ ዛሬ ግን በዚህ በጠራራ የእሑድ ከሰዓት፣ ቀይ ጨርቅ በለበሰ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጸየፋል። ያቅለሸለሸው ሰዉ ነው።

በግራው ያለው ደግሞ አስረጂ ነው። በየኮንሰርቱ አንድ አስረጂ አይጠፋም፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ለጓደኛው ሳይጠየቅ የሚያስረዳ፣ ቆይ፣ አሁን ትመጣለች ይላል፣ ከታች ሲነሳ ጠብቅ፣ ቴክኒክ እንዳይመስልህ፣ ሰውየው ተሰብሯል፣ ከተሰበረው ቦታ ነው የሚነፋው፣ ጓደኛው ራሱን ይነቀንቃል፣ ምስኪን፣ ቲኬቱን ማን እንደገዛለት ያስታውቃል። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይባላል፣ ጥርስ ሠሪው በሙያው ስንት አፍ ከፍቷል፣ እንዲህ ቁልጭ ብሎ የታየው ጭንቅላት ግን የለም።

ትመጣለች። ድራም መቺው እጁን ያነሳና ይጠብቃል፣ ቤዙ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፣ ሳክስፎን ነፊው ጋሼ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ትከሻው ከፍ ይላል፣ ድምፁ ረጅም ሆኖ ይወጣል፣ ይሄዳል ይሄዳል ከዚያ መሃል ላይ ይሰነጠቃል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ከጎኑ ፍስስስ የሚል ንፋስ ያመልጣል፣ ሕፃን አልቅሶ አልቅሶ ሲደክመው እንደሚያሰማው ያለ፣ አዳራሹም አብሮ ያቃስታል፣ ስድስት መቶ ሰው በአንድ አፍ እህህ ይላል፣ ሲቃው ይላል አስረጂው፣ በቃ ይኼ ነው፣ ሲቃው፣ አንጀቴን በላው ትላለች ባለሻርፗ። አንጀት እዚህ ምን አገባው። የላላ ጥርስ ነው። ሮዝ ላንቃ ላይ የተደረደሩ አራት የላይ ፊት ጥርሶች ናቸው፣ በግራ በኩል ግማሽ ሚሊ ሜትር ከድዱ የሚነሳ፣ የሳክስፎኑን መንፊያ ሲነክሱበት የሚወዛወዝ፣ ንፋስ የሚያስመልጥ፣ እሱ ራሱ በእነዚህ ሁለት እጆቹ ያበላሸው ተነቃይ ጥርስ ነው። ይህን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፣ አንዱ መድረክ ላይ ነው፣ አንዱ እዚህ ተቀምጦ የራሱን ጥርስ ነክሷል፣ የአንድ እናት ልጆች ናቸው።

ዘጠኝ ወር ሆነው፣ ጋሼ በታናሽ ወንድሙ ሥራ ቦታ በጓሮ በር ገባ፣ አፉን በፎጣ ሸፍኖ፣ ድዱ ታሞ አራቱን አስነቅሏል፣ ለማንም እንዳትናገር አለ፣ ለሚስትህም፣ ፎጣውን ሲያነሳ ከንፈሩ ወደ ውስጥ ገብቶ አባታቸውን መስሎ ነበር፣ በመጨረሻው ዓመቱ የነበረውን አባታቸውን፣ ታናሽየው ደነገጠ፣ ከድንጋጤው ብዛት ሰሙን አሙቆ አፉ ውስጥ አደረገለትና ንከስ ጋሼ አለው፣ ጋሼም ነከሰ፣ ሰው ዳቦ እንደሚነክሰው፣ ይኸው ነው፣ ጠቅላላ ጥፋቱ ይኸው ነው፣ ለሚበላ ሰው የሚሆን ልኬት ወሰደ፣ ሳክስፎንህን ይዘህ ና አላለውም፣ መንፊያውን ያዝና እሱን ንከስ አላለውም፣ ሌላ ጥርስ ሠሪ ቢሆን ማን ይፈርድበታል፣ እሱ ግን በዚያ ሳክስፎን ጩኸት ያደገ ሰው፣ የላይ ጥርስ መንፊያው ላይ እንደሚያርፍ ፊደል ሳይቆጥር ያወቀ ሰው፣ ደንግጬ ነው፣ አዎ ደንግጠህ ነው፣ የደነገጠ ሰው እጁ የለመደውን ይሠራል፣ ያንተ እጅ የለመደው የሚበሉ ሰዎችን ነው።

በአሥረኛው ቀን ኮንሰርት ነበር፣ ትንሽ አዳራሽ፣ ሃያ የማይሞላ ሰው፣ ከሁሉም በፊት እሱ ሰማው፣ ጥርሱ ጋሼን ሲከዳው፣ ድምፁ መሃል ላይ ተቀደደ፣ ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አለ፣ ከዚያ ዝምታ ሆነ፣ ከዚያ አንዲት ሴት ማልቀስ ጀመረች፣ ከዚያ ያለው ሰው ሁሉ ብድግ። ጋሼ በማግስቱ በማለዳ መጣ፣ አዋረድከኝ አለው፣ ወንድሜ ብዬ አንተ ዘንድ መጥቼ አዋረድከኝ፣ ታናሽየው አንገቱን ደፍቶ ሰማው፣ ድድህ እስኪረጋ ታገሰኝ ጋሼ፣ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ድድ ይቀንሳል፣ ስድስት ወር ስጠኝ፣ እንደ አዲስ እሠራልሃለሁ፣ ማልልኝ፣ በእማዬ፣ በእማዬ። እነሱ ሲማማሉ ጋዜጣው ወጥቶ ነበር፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ቁስሉን ለመንካት የደፈረ ሙዚቀኛ ይላል፣ ምን ቁስል፣ ድድ ነው እንጂ።

በስድስት ወር ውስጥ ሃያው ሰው ስድስት መቶ ሆነ። አሁን ወጣቶቹ መግቢያው ላይ ተሰብስበው በከንፈራቸው ፍስስስ እያሉ ይለማመዱታል፣ አንድ ሰውዬ ደግሞ ጋሼ የጣለውን ያገለገለ የመንፊያ ሸምበቆ በሶፍት ጠቅልሎ ለሰው ሁሉ ያሳያል፣ ከንፈሩ የነካት ናት እያለ፣ አሽታት አለው እሱንም፣ አሽታት፣ ለሰሚው ግራ ነው። ከዚህ ሁሉ ያሳመመው ግን ስሙ ነው፣ ሁሉም ጋሼ ይለዋል፣ ጋሼ ኑርልን ይላል ከኋላ አንዱ ጎረምሳ፣ የማን ጋሼ፣ ጋሼ የሚለው አንድ ሰው ነበር፣ አንድ ታናሽ ወንድም ነበረው፣ ይህንንም ቀሙት፣ አፋቸውን ሞልተው።

ደግሞ ጋሼ የሚፈልገው ይኼን አልነበረም። ንጹሕ ድምፅ ነበር የሚፈልገው፣ ልጅ ሳለ ጎረቤት እንዳይረበሽ ራሱን ቁም ሳጥን ውስጥ አስገብቶ፣ በአባታቸው ኮትና በእናታቸው ቀሚስ መሃል ይነፋ ነበር፣ አንድ ድምፅ፣ ዜማ የለው ምን የለው፣ አንድ ቀጥ ያለ ድምፅ፣ ታናሽየው አልጋው ላይ እግሩን አጣጥፎ የአባታቸውን የእጅ ሰዓት ይዞ ሰከንድ ይቆጥራል፣ እናታቸው ከማድቤት ያንን ቧንቧ አስቀምጥና ና ብላ ትላለች፣ ስንት ሆነ፣ ሠላሳ ስምንት፣ ተንቀጠቀጠ እንዴ፣ መጨረሻ ላይ ትንሽ፣ እንግዲያው አይቆጠርም፣ እንደገና። አርባ አንድ የገባ ቀን ከልብሱ መሃል በላብ ተጠምቆ ወጣ፣ ሰማኸው፣ ሰማሁት፣ ምንም የለበትም አይደል፣ ምንም፣ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ውሸታም ነው አለው ጋሼ፣ ማዘኑን እንድታይለት ይለምንሃል፣ ንጹሑ ግን ምንም አይለምንህም፣ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር፣ አርባ አንድን ከቁም ሳጥኑ በር ጀርባ በእርሳስ ጻፉት። እናታቸው ስታርፍ ዕቃው ሲከፋፈል ታናሽየው ሌላ አልጠየቀም፣ ያቺን በር ብቻ ነቅሎ ወሰደ፣ እኅታቸው ይኼ ልጅ ጤና የለውም አለች።

ኪሱን ይዳስሳል። አለ። ትንሽ ሳጥን ውስጥ፣ እርጥብ ጥጥ ላይ፣ አዲሱ። ለዚህኛው ጋሼ ከነሳክስፎኑ መጣ፣ መንፊያውን ነክሶ የንክሻውን ልክ ሰጠ፣ ታናሽየው ሰሙን ሦስት ጊዜ አፍርሶ ሦስት ጊዜ ሠራው፣ ዛሬ ጠዋት ነው አሽቶ የጨረሰው፣ ሳይጀመር ሊሰጠው በጓሮ ቢመጣ ዘበኛው አርቲስቱ ከመድረክ በፊት ሰው አያነጋግርም አለ፣ ወንድሙ ነኝ፣ ሁሉም ወንድሙ ነኝ ነው የሚለው ጌታዬ። እውነቱን ነው፣ ምን ይመልስለታል። እንግዲህ በእረፍቱ ነው፣ አሥር ደቂቃ ቀርቷል፣ አሥር ደቂቃ ይችለዋል፣ ከዚያ ጋሼ በአዲሱ ጥርስ ይወጣና ያቺን ድምፅ ያወጣታል፣ ቀጥ ያለችዋን፣ ያኔ አስረጂው ምን ብሎ እንደሚያስረዳ እናያለን።

መብራት ይበራል፣ ሰዉ ይነሳል፣ እሱ በጭብጨባው መሃል ጎንበስ ብሎ ይሾልካል፣ ዘበኛው በሩ ላይ የለም። ክፍሏ ጠባብ ናት፣ መስታወት፣ የእጅ መታጠቢያ፣ አንድ ወንበር፣ የተሰቀሉ የመድረክ ልብሶች፣ በትንሿ መስኮት ፀሐይ ገብታለች፣ ጋሼ በላብ ርሷል፣ አመጣኸው ይላል፣ ዓይኑ የልጅ ዓይን ነው፣ አመጣሁት፣ በሩን ዝጋው። አሮጌውን አውጥቶ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ይከተዋል፣ ፊቱ ይወድቃል፣ አባታቸው መስታወቱ ውስጥ ብቅ ብሎ ይጠፋል፣ አዲሱ ሲገባ ጠቅ ይላል፣ ይህን ድምፅ ጥርስ ሠሪው ያውቀዋል፣ ልኩን ያገኘ ጥርስ ጠቅ ነው የሚለው፣ ጋሼ ሁለት ጊዜ ገጠም አድርጎ ይሞክረዋል፣ ሳክስፎኑን ያነሳል፣ ፊቱን ወደተሰቀሉት ልብሶች ያዞራል፣ ልማድ ነው፣ ይነፋል።

ቀጥ ያለ። ፈጣሪ ይመስገን፣ ቀጥ ያለ፣ ከየት እንደጀመረ የማይታወቅ፣ ሳያስበው የእጅ ሰዓቱን እያየ ነው፣ አሥር፣ አሥራ ሁለት፣ ልብሶቹ ዝም ብለው ይሰማሉ፣ አሥራ ዘጠኝ፣ እማዬ ና ብላ ትላለች፣ ሃያ ሦስት፣ አይዞህ ጋሼ፣ ሃያ ስድስት። ሳንባው ከዚህ በላይ አልሄደለትም፣ ግን አንዲት ስንጥቅ የለበትም፣ ጋሼ ይዞራል፣ ዓይኑ እንባ አቅርሯል፣ ስንት፣ ሃያ ስድስት፣ ተንቀጠቀጠ፣ በጭራሽ፣ ይስቃሉ፣ ሁለት ሽበታም ሰዎች ሽንት ቤት በማታህል ክፍል ውስጥ አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ።

በሩ ይንኳኳል። አዘጋጁ ነው፣ ራሱን ብቻ ያስገባል፣ ይቅርታ ጋሼ፣ ማነው እዚህ የነፋው፣ የሆነ ተማሪ የሚለማመድ መስሎኝ እኮ ነው፣ ላስወጣልዎ ብዬ፣ ሰዉ አብዷል፣ እንዲህ ያለ ቀን አይቼ አላውቅም፣ እባክዎ ሲቃውን ደግሞ ለመጨረሻው ያቆዩልን፣ አምስት ደቂቃ አለዎት። በሩ ይዘጋል።

የሆነ ተማሪ። ታናሽየው ሊስቅ ይሞክራል፣ ሰማኸው ይኼን ደንቆሮ ሊል ነው፣ ጋሼ አይስቅም፣ መስታወቱን ያያል፣ ከዚያ ጣቱን ወደ አፉ ይሰዳል። ጋሼ። ቆንጆ ነው ይላል ጋሼ ጥርሱን መዳፉ ላይ ይዞ፣ ቃሉ በባዶ ድዱ እየተንሸራተተ፣ እጅህ ይባረክ፣ ይኼኛውን ለምግብ አደርገዋለሁ። ለምግብ፣ ለምግብ የሠራሁትን ለሳክስፎን፣ ለሳክስፎን የሠራሁትን ለምግብ፣ ጋሼ፣ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ውሸታም ነው ያልከው አንተ አይደለህም፣ ነኝ፣ ልጅ ነበርኩ፣ ሠላሳ ዓመት በንጹሕ ድምፅ ነፋሁ፣ ማን አጨበጨበልኝ፣ አንተ፣ አንተና ያ ሰዓት፣ አልተከፋሁም፣ ግን ስድስት መቶ ሰው ሲነሳልህ ምን እንደሚመስል አታውቀውም። አያውቀውም። ለጥርስ ሠሪ ማን ይነሳል፣ ጥርስ ጥሩ የሆነ ዕለት ሰው አፉ ውስጥ መኖሩን ይረሳዋል፣ የሠሪው ምስጋና መረሳት ነው።

አልጨረሰም ጋሼ። አሮጌውን ከብርጭቆው አውጥቶ ለመስኮቱ ብርሃን ያሳየዋል፣ እየው፣ እዚህ ጋ መሰንጠቅ ጀምሯል፣ መድረክ ላይ ቢሰበርብኝስ፣ ልክ እንደሱ አድርገህ ሌላ ሥራልኝ። እንደሱ ማለት፣ እንደሱ፣ ሳታሻሽለው፣ ጋሼ ስህተት እኮ ነው፣ ስህተት በልኬት አይሠራም፣ ሞክረው፣ አንድ ጊዜ የሠራኸው እጅህ አይጠፋውም፣ ደግሞ ጆሮ አለህ፣ ካንተ በላይ ማን ሰምቶኛል።

ወንበሩ ላይ ተመልሷል፣ እንዴት እንደተመለሰ አያስታውስም፣ ካንተ በላይ ማን ሰምቶኛል፣ ይህ ምርቃት ነው ስድብ፣ ባዶው ሳጥን ኪሱ ውስጥ ጎኑን ይወጋዋል፣ ጥጡ ብቻ ነው ያለው፣ ሁለተኛው ክፍል እየነጎደ ነው፣ አስረጂው ሙዝ እየበላ ያስረዳል፣ ቀፋፊ፣ ሁሉም ቀፋፊ ናቸው፣ የተረሳ ነገር አለ፣ ምንድን ነው፣ አዎ፣ ምላሱ፣ የጋሼን ጉንጭ ልብ ብለህ እየው፣ ከመሰንጠቁ በፊት በግራ በኩል እብጥ ይላል፣ በምላሱ ይገፋዋል፣ እያወቀ ይገፋዋል፣ ለካ አለማምዶታል፣ ለካ ጥርሱ ብቻውን አልነበረም የሚያለቅሰው፣ ስንት ጊዜ ሆነው፣ አንድ ወር፣ ሦስት ወር፣ ወይስ በእማዬ ማል ባለኝ ሳምንት፣ ያልታመመ ሰው በክራንች ሲለምን እንዳየ ይሆናል፣ ይሄዳል፣ በቃ ተነስቶ ይሄዳል፣ ጉልበቱን ወደ ባለሻርፗ ያዞራል፣ ያሳልፉኝ ሊላት ነው።

አባቴ፣ ትለዋለች። አሁን በግልጽ ለእሱ ነው፣ ፊቷ በሙሉ ርሷል፣ አባቴ ሊያርፍ ሲል እንዲህ ነበር የሚተነፍሰው፣ ሦስት ቀን፣ ይቅርታ ወንድሜ፣ ሌላ ቦታ ማልቀስ እምቢ ይለኛል፣ አፍንጫዋን በሻርፗ ትጠርጋለች። ቃሉ ጉሮሮው ላይ ደርሷል፣ ጥርስ ነው እኮ፣ የላላ ጥርስ ነው፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት፣ ቢላት ምን ታደርጋለች፣ አባቷን እንደገና ትቀብራለች፣ ይውጠዋል፣ ይመራል፣ አይዞሽ ይላታል፣ ከአፉ ሲወጣ ራሱን ያስጠላዋል፣ ጉልበቱን ወደ ቦታው ይመልሳል፣ አሁን ማንን እንደሚጸየፍ አያውቅም፣ ሰዉን ነው ጋሼን ነው፣ ይኼን አይዞሽ ያለውን አፍ ነው።

ቤዙ ይቆማል። የድራም መቺው እጅ አየር ላይ ነው። ትመጣለች፣ አትስማ፣ አትስማ አንተ ሰው፣ ይሄዳል ይሄዳል ድምፁ፣ አሁን፣ ስንጥቅ፣ ፍስስስ፣ ስድስት መቶ ሰው ያቃስታል፣ ባለሻርፗ እጁን ይዛለች፣ እሱ ግን ምላሱ፣ ምላሱ ምን እያደረገ ነው፣ የራሱን ላንቃ ይዳስሳል፣ ከግራው ፊት ጥርስ ጀርባ፣ እዚህ ጋ ነው የሚነሳው፣ እዚህ ጋ ትንሽ ቢፋቅ፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር፣ ተው፣ ግማሽ አይበቃም፣ ስንጥቁ ሲጨመርበት ከግማሽ ያልፋል፣ ከምላስ ግፊቱ ጋር ሲሆን ደግሞ፣ ተው እባክህ፣ ጄሶው ላይ ምልክት አድርጎ ከዚያ በቀጭኑ መሮ፣ ንፋሱ ከየት ነው ቀድሞ የወጣው፣ ከጥግ ነው ከመሃል፣ አልያዘውም፣ እሷ እጁን ስትጨብጠው አመለጠው።

ድምፁ ያልቃል። አዳራሹ ይነሳል፣ ወንበሮች ቀጭ ቀጭ እያሉ ይታጠፋሉ፣ ጋሼ መዳፉን ዓይኑ ላይ ጋርዶ ወደዚህ ረድፍ ያያል፣ ከስድስት መቶ ሰው መሃል የተቀመጠ አንድ ሰው ይፈልጋል፣ ያገኘዋል፣ ቅንድቡን ከፍ ያደርግለታል፣ ልክ ከቁም ሳጥኑ ሲወጣ እንደሚያደርገው፣ ሰማኸው። አልሰማሁትም ጋሼ፣ መሃሉን ሰምቼ ዳሩ አመለጠኝ፣ ከጥግ ነው ከመሃል፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንድ ጊዜ ብሰማው እጄ ይይዘዋል፣ ይደገም ይላል አስረጂው መነጽሩ ከግንባሩ ወርዶ፣ ይደገም ትላለች ባለሻርፗ፣ ከኋላ እግራቸውን ይመታሉ፣ ጥርስ ሠሪው ጉልበቱን ይዞ ይነሳል፣ አፉ ይከፈታል፣ ይደገም ይላል፣ መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ እንደ ሰዉ።